ያልቆጠርሁት ዳቦ

ሚዛኑ ላይ የወጣሁት ጫማዬንና ኮቴን አውልቄ፣ በኪሴ የነበረውን የቁልፍ ዘለላ ሳይቀር ለባልደረባዬ አስይዤ ነው። መስከረም ነበር። ትምህርት ገና በደንብ ሳይጀመር ከጤና ጣቢያ መጥተው መምህራኑን በየተራ ይመዝኑ፣ ጣታችንን ወጋ እያደረጉ ደማችን ውስጥ ያለውን ስኳር ይለኩ ነበር። ቀስቷ ዘጠና ሁለት ላይ ቆመች። ሚዛኑ የተበላሸ መሰለኝና ወርጄ በእጄ ነቅነቅ አድርጌው እንደገና ወጣሁ። ያው ዘጠና ሁለት።

"ጋሼ፣ ሚዛኑ ምንም አልሆነም" አለችኝ የጤና ባለሙያዋ። እዚሁ ላሊበላ ስምንተኛ ክፍል ሳለች ሒሳብ ያስተማርኋት ልጅ ናት። ያኔ የእኔን ቀይ እስክሪብቶ እያየች ትንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን እኔ የእሷን ወረቀት እያየሁ እጠብቃለሁ። "ስኳርዎ ገና በሽታ አልሆነም፤ ግን ደጃፉ ላይ ነው። ሦስት ወር ልስጥዎ። ክብደትዎን ይቀንሱና እንደገና እንለካዋለን። ካልወረደ መድኃኒት እንጀምራለን፤ አንዴ ከተጀመረ ደግሞ..." አለችና ተወችው።

መጨረስ አላስፈለጋትም። ታላቅ ወንድሜ ሙጃ ነው የሚኖረው፤ ስኳር ከያዘው ዓመታት አልፈዋል። ለገና ከሙጃ ላሊበላ ድረስ በእግሩ የሚመጣ ሰው ነበር። አንድ ጊዜ ጫማ የላጠው ቁስል አልድን ብሎ ሁለት ጣቱን አስቆረጠው። አሁን ዱካ አውጥቶ ደጁ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ሲል ይውላል። ሳቁ አልተለየውም፤ እኔ ግን እግሩን ባየሁ ቁጥር በጫማዬ ውስጥ ያሉትን ጣቶቼን አንቀሳቅሳለሁ። ፈራሁ። መፍራቴን ለልጅቷ አልነገርኋትም፤ መላውን ብቻ ጠየቅኋት።

"ሰውነትዎ በቀን የሚያቃጥለው ኃይል አለ፤ ካሎሪ ነው የምንለው" አለችኝ። "በምግብ የሚያስገቡት ከሚያቃጥሉት ካነሰ፣ የጎደለውን ካከማቸው ስብ ይወስዳል። መደመርና መቀነስ ነው፣ ጋሼ። እርስዎ ያስተማሩኝ ነው።" እንጀራው፣ ሽሮው፣ ዳቦው፣ ዘይቱ እያንዳንዱ ስንት ካሎሪ እንዳለው የሚያሳይ ወረቀትም ሰጠችኝ። የምበላውን ሁሉ በየቀኑ እንድጽፍ አዘዘችኝ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከበሽታ ጋር እታገላለሁ ብዬ ስፈራ ነገሩ ወደ ሒሳብ ዞረልኝ። ሒሳብ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁት፣ ቀድሞ ባስተማርሁባት ኮንም ሆነ እዚህ ላሊበላ ማንም የማይከራከረኝ የራሴ ሜዳ ነው። በዚያው ቀን አራት ማዕዘን መስመር ያለው ደብተር ገዝቼ ገጾቹን በማስመሪያ ከፋፈልኋቸው፤ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ ድምር። እንጀራዬን ለሁለት ከፈልሁ። ለሁለት ስከፍል በዓይን ግምት አልነበረም፤ ማስመሪያውን ሌማቱ ላይ አጋድሜ ነው።

"ይኸ እንጀራ ነው ወይስ የእርሻ መሬት?" አለችኝ ባለቤቴ። "ድንበርተኛህ ማን ነው?"

"አንቺ ሳቂ" አልኋት፤ ግማሼን በላሁ፤ እጄን ታጠብሁ። ለምሳም ግማሽ። ለእራትም ግማሽ። አራተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ሆዴ ሲጮኽ የፊት ረድፍ ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ቁጣዬ ቀረበ። በዚያ ወር የሰጠሁት የቤት ሥራ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከሰጠሁት ሁሉ ይከብድ እንደነበር ዛሬ ሳይሸሽጉ መናገር ይሻላል። ድምሩ ግን በየቀኑ ከተፈቀደልኝ በታች ነበር፤ ደብተሬን ስገልጥ ኩራት ኩራት ይለኛል።

ወሩ ሲሞላ፣ ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ዘጠና ሁለት ተኩል።

እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። "ይኸ ካሎሪ የምትሉት ነገር ለቆላና ለፈረንጅ ሆድ የተሠራ ነው" አልኋት ለልጅቷ። "ላስታ ላይ አይሠራም። ብርዱ ነው፣ ከፍታው ነው፣ ምን እንደሆነ እንጃ። አንድ ወር ሙሉ ተርቤ ግማሽ ኪሎ ጨመርሁ!" ድምፄ ስለበረታ በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች አንገታቸውን አሰገጉ።

እሷ አልተቆጣችም። ደብተሬን ተቀብላ እኔ ፈተና እንደማርመው በጣቷ መስመር በመስመር ወረደች። አንድ ገጽ ላይ ቆመች።

"ጋሼ፣ መስከረም ዐሥራ ሁለት ምሳዎ ባዶ ነው።"

"ማኅበር ነበረብኛ።"

"ታዲያ ምሳ አልበሉም?"

"ጸበል ቀመስሁ እንጂ ምሳ አልበላሁም።"

"ሃያ አንድም ባዶ ነው።"

"የባለቤቴ የማርያም ማኅበር እኛ ቤት ነበር።"

"እሑዶቹስ?"

"ሰንበቴ ናቸው" አልሁ፤ የላሊበላ ልጅ ሆና ይህን እንኳ አለማወቋ እያስገረመኝ። እሷ ደብተሩን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

መዋሸቴ አልነበረም፤ ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። በሚካኤል ስም የምንጠጣ ዐሥራ ሁለት ማኅበርተኞች ነን። ወር በገባ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን በየተራ አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ ቄሱ ዳቦውንና ጠላውን ይባርካሉ፤ ከዚያ ይበላል፣ ይጠጣል። ማኅበር ላይ የተበላውን ምሳ ብሎ የሚጠራው ሰው በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። ጸበል ነው። የቅዱሱ በረከት ነው። እሱን "አንድ ትልቅ ቁራሽ ዳቦ፣ ይህን ያህል ካሎሪ" ብሎ ደብተር ላይ ማስፈር በጭራሽ ትዝ አላለኝም። ጠላንም አልጻፍሁም፤ ጠላ ይጠጣል እንጂ ይበላል እንዴ? የሚያስቀው ደግሞ ውኃ በየቀኑ እየጻፍሁ ነበር፤ "ሁለት ብርጭቆ" ብዬ፣ በቆንጆ ጽሕፈት።

"ጋሼ" አለችኝ ሳቋ ሲያባራላት፣ "ከፈተናው ግማሹን ጥያቄ ዘሎ፣ ድምሩ ለምን አነሰብኝ ብሎ የሚቆጣዎት ተማሪ ቢመጣ ምን ይሉታል?"

የምለውን እኔም እሷም እናውቃለን። ተነሥቼ ወጣሁ፤ ደህና ዋይ እንኳን አላልኋት።

የቀጣዩን ወር ሁሉንም የጻፍሁት እሷን ለማሳፈር ነው። ማኅበሩን፣ ሰንበቴውን፣ ተዝካሩን፣ የጎረቤት ክርስትናውን፣ የተጠራሁበትን ሁሉ ጻፍሁ። ጥቅምት ዐሥራ ሁለት ላይ፦ ዳቦ ሦስት ቁራሽ፣ እንጀራ ሁለት፣ ጠላ አራት ጣሳ። ጉርሻውንም ጻፍሁ፤ አምስት ጉርሻ፣ ከነአጉራሹ ማንነት። ቤት ገብቼ ደመርሁት። አንድ ጊዜ ደግሜ ደመርሁት። ሳምንቱን ሙሉ በግማሽ እንጀራ ያጠራቀምሁትን ረኃብ በአንድ ቀን መልሼ በልቼዋለሁ፤ በወሩ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለው ቀን ዘጠኝ ነበር። ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ልጅቷ ልክ ነበረች፤ ካሎሪውም ላስታን ያውቃታል።

ማወቁ ግን ግማሽ መንገድ ነው። ሰው ቤት ገብቶ "በቃኝ" ማለትን የሞከረ ያውቀዋል። ባለተራዋ ጣሳውን ይዛ ፊትህ ቆማ "አፈር ስሆን!" ካለችህ በኋላ፣ "በሚካኤል!" ካለችህ በኋላ፣ እጅህ ራሱ ይዘረጋል። እምቢ ካልህ ደግሞ ጠላው ቢኮመጥጥ ነው፣ ቤቴን ቢንቅ ነው ይባላል። ዘዴ ፈለግሁ። በጥቅምቱ መድኃኔዓለም አንድ ዘመድ ቤት ተጠርቼ "ሆዴን አሞኛል" አልሁና ጥቂት ቀምሼ ወጣሁ። ድል ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዎች ሊጠይቁኝ መጡ፤ አንዷ ድፎ ዳቦ ይዛ፣ አንዷ ዶሮ ወጥ ይዛ፣ አንዱ ጠላ አስይዞ። በሽተኛ ብቻውን አይበላም ተብሎ ሁሉም አብረውኝ ቁጭ አሉ፤ እስክጨርስም አልተነሡም። ባለቤቴ ጓዳ ገብታ ስትስቅ ይሰማኛል።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። የዚያ ወር ባለተራ በማኅበራችን በዕድሜ ትልቋ ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ቦታቸውን ተረክበው ጽዋውን ያስቀጠሉ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚወስደው ዳገት ሥር ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። ሁለት ልጆቻቸውን ያስተማርሁ እኔ ነኝ፤ ልጆቹ አሁን ርቀው ሄደዋል። ከማኅበሩ ሁሉ ትልቁ ዳቦ የእሳቸው ነው። እሳቸው ቤት የእኔ ጣሳ ግማሽ ሆኖ ታይቶ አያውቅም፤ ልጆቼን ለቁም ነገር ያበቁልኝ እያሉ ይሞሉታል፣ እኔም ቅር እንዳይላቸው እያልሁ እጨልጠዋለሁ። ሌላውን ሰው ሁሉ ባታልል እሳቸውን ማታለል አልፈለግሁም። የሦስት ወሩ ቀጠሮ ሊሞላ አንድ ወር ቀርቶታል፤ ሚዛኑ ገና ዘጠና አንድ ላይ ነው። ስለዚህ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ እውነቱን ልነግራቸው ዳገቱን ወጣሁ።

ወለሉን በእበት እየለቀለቁ ነበር። ዳር ዳሩን ረግጬ ገብቼ መደቡ ላይ ተቀመጥሁ።

"ምነዋ መምህሬ፣ ማኅበሩ ነገ አይደለም እንዴ? ቀን ተሳሳቱ?" አሉኝ ቀና ብለው።

"እናቴ፣ አንድ የምነግርዎ ነገር አለ" አልሁና ጀመርሁ። የወንድሜን እግር ነገርኋቸው። ስኳሩን፣ ሚዛኑን፣ ቀጠሮውን ነገርኋቸው። "ነገ አንድ ቁራሽ ዳቦና አንድ ጣሳ ጠላ ብቻ ነው የምወስደው። እንዳይቀየሙኝ ልለምንዎ መጥቼ ነው።"

እጃቸውን በገል ውኃ ታጠቡ፤ በቀሚሳቸው ጫፍ አደራረቁ፤ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። የተቀየሙኝ መሰለኝ።

"አንድ ቁራሽ ይበቃዎታል?"

"ይበቃኛል።"

"አምናስ? ካቻምናስ? ያኔም ይበቃዎት ነበር?"

"ይበቃኝ ነበር" አልሁ። "እርስዎን እንዳላስከፋ ብዬ ነው እንጂ።"

ሳቁ። ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ድረስ ሳቁ። "ወይኔ ልጄን!" አሉ። "እኔ ደግሞ መምህሩ እኔ ቤት መጥተው ቢጎድልባቸው በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ እያልሁ! አንቱ እኮ በርትተው ስለሚበሉ ሌላውም አንቱን እያየ ይበላል። ዳቦው እንዳያንስ፣ ጋኑ እንዳይነጥፍ ብዬ ከነሐሴ ወዲህ ጎታውን አልነካውም።"

"ጎታውን ካልነኩ ምን ይበላሉ?"

"እበላለሁ እንጂ። በቀን አንዴ እቀምሳለሁ። ማታ ቆሎ ቢጤ ይዤ እተኛለሁ። የአሮጊት ሆድ ምን ይፈልጋል? ለሚካኤል አይደለም እንዴ?"

ይህን ሲሉ አላማረሩም። ዛሬ ደመና ነው እንደሚሉ ሰው ነው የተናገሩት። እኔ ግን የት እንደምገባ ጠፋኝ። አዲሱ ገብስ ገና ማሳ ላይ ነው፤ ከነሐሴ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ላስታ ውስጥ የማንም ጎታ የሚጎድልበት ጊዜ ነው፤ እሳቸው ያንን ጊዜ በየዓመቱ ሳይበሉ የሚያሳልፉት እኔ አንድ ቀን ጠግቤ እንድሄድ ነበር። ያልፈለግሁትን ጥጋብ። ፊታቸውን አየሁት፤ የአንገታቸውን አጥንት አየሁት። ቀጭን ሴት መሆናቸውን ሁልጊዜ አውቃለሁ፤ ተፈጥሯቸው ይመስለኝ ነበር። ምግብ መቀነስ ሰውን ያከሳ እንደሆነና እንዳልሆነ ከአንዲት ልጅ ጋር ሁለት ወር ስከራከር ማስረጃው በየወሩ ፊት ለፊቴ ጣሳ ይዞ ቆሞ ነበር። አፈርሁ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁት መቀነስ የእኔን ድርሻ ብቻ የሚመለከት አድርጌው ነበር፤ ከማን ላይ እንደተቀነሰልኝ አልጠየቅሁም። እጃቸውን ይዤ ሳምሁት፤ እሳቸው ደግሞ በሽታው ያስጨነቀኝ መስሏቸው አጽናኑኝ።

በማግስቱ ዳቦው ከተባረከ በኋላ ተነሥቼ ቆምሁ። የእሳቸውን ነገር አላነሣሁም፤ የእሳቸው ምሥጢር ነው። የራሴን ሕመም ብቻ ተናግሬ ማኅበሩ ለሁሉም አንድ ልክ እንዲያበጅ ለመንሁ፤ አንድ ሰው አንድ ቁራሽ፣ አንድ ጣሳ፣ ያውም ያለ ምንም "አፈር ስሆን"። ጉምጉምታ ተነሣ። አንዱ ማኅበርተኛችን፣ ግንበኛው፣ "የሚካኤልን ጸበል በልክ? እንግዲህ ባለተራውን ቆጥቋጣ ሊያሰኙት ነው" ብሎ ተቃወመ።

ቄሱ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ትንሽ አሰቡ። ሰፊ ሰው ናቸው፤ መደቡን የሁለት ሰው ቦታ ይይዙታል። "ልኩ የሁላችንም ከሆነ ማን ማንን ቆጥቋጣ ይለዋል?" አሉ። "ደግሞስ ባለፈው ጉልበቴን ብዬ ጤና ጣቢያ ብሄድ ለእኔም የነገሩኝ ይኸንኑ ነው። ለመናገር አፍሬ ነው የቆየሁት።" ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ግንበኛው ራሱ ሳቀና ዳቦውን ለመቁረስ ቢላዋውን አነሣ። የዚያን ቀን ከዳቦው ግማሹ፣ ከጠላው ጋን ግማሹ ተረፈ፤ ባለተራዋ እናት ለሳምንት ጎረቤቶቻቸውን ሲጠሩበት ሰነበቱ።

ታኅሣሥ ላይ ሚዛኑ ሰማንያ ስምንት አለ። ስኳሩም ከደጃፉ ትንሽ ራቅ ብሎ ነበር። "መድኃኒቱን ለጊዜው እንተወው፤ በዚሁ ይቀጥሉ" አለችኝ ልጅቷ። ባለፈው ሳልሰናበታት መሄዴን ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እሷ ግን ረስታዋለች፣ ወይም የረሳች መስላለች።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቀና ሆኖ አልሄደም። ሁዳዴ ሲገባ ጾሙ በራሱ ያከሳኛል ብዬ ደብተሬን ተውሁት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቼ የምቀርብለት ሽሮና ዘይት፣ ዳቦና ተልባ ግን ኪሎዬን ባለበት አቆመው። እንደገና መጻፍ ጀመርሁ። ሁለት ወር ሙሉ ምንም ያልቀነስሁበት ጊዜም አለ፤ ሰውነት የሚያገኘው ሲያንስ እሱም ይቆጥባል፣ አይዘንጉ ብላ ልጅቷ አስረድታኛለች። ረኃቡም ወዳጄ አልሆነም፤ ዛሬም የጎረቤት ሰሐን ላይ ዓይኔ ያርፋል። ዘንድሮ ሰማንያ ሦስት ነኝ። ሱሪዬን ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አጥብባዋለች። ሰው ምግብ መቀነስ ያዋጣል ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ ያዋጣል እለዋለሁ፤ ሁሉን ከቆጠርህ፣ ከቸኮልህም አይሆንም፣ አብረውህ የሚበሉት ካላወቁልህ ደግሞ በፍጹም አይሆንም። ሙጃ ሄጄ ወንድሜን ስጠይቀው ደጁ ላይ ሆኖ ከሩቅ አላወቀኝም፤ ሲያውቀኝ የሳቀው ሳቅ ለዓመት ይበቃኛል።

ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ ላይ በቀትር ወደ እኒያ እናት ቤት ጎራ አልሁ። ተራቸው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። በሩ ክፍት ነበር። የገብስ ገንፎ ፊታቸው አድርገው፣ መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬው እያበራ፣ ብቻቸውን ቁጭ ብለው ይበላሉ። ከኋላቸው የጎታው አፍ ተከፍቷል።

"እንብላ!" አሉኝ ደንገጥ ብለው፤ ቀጥለው ደግሞ እንዳፈረ ሰው "በቀትር እየበላሁ አገኙኝ" አሉ።

"ይብሉ፣ ይብሉ እናቴ። እኔ በልቻለሁ።"

"ትንሽ እንኳ፣ በሞቴ" አሉና ከቅቤው አጥቅሰው ዘረጉልኝ። ጎረስሁ። ጥሩ ገንፎ ነበር። ሁለተኛውን ሲዘረጉልኝ እጃቸውን ይዤ ወደራሳቸው አፍ መለስሁት፤ ሳቁ፣ ጎረሱትም። ጉንጫቸው ሞላ ብሏል። ከዚያ በኋላ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ዘንድሮው ገብስ እያወሩ ሳሕኑን እስከ መጨረሻው በሉት፤ ጠርዙን ሳይቀር በጣታቸው ጠረጉት። እኔ መደቡ ላይ ተቀምጬ አያቸው ነበር። እንደዚያ ቀን ጠግቤ አላውቅም።